የተዋጠ፣ ያልተፈጨ

ሐሙስ፤ የወንድሜ መድኃኒት 1ኛ ቀን

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለወንድሜ ነው። ነርሷ የሰጠችን ካርድ ትንሽ ነው፤ በየቀኑ አንድ ምልክት ከማድረግ በቀር ሌላ ነገር አያስጽፍም። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ቀንና ሰዓት የሌለው ምልከታ ከተማሪ ተቀብዬ አላውቅም። ስለዚህ ቀኑን በእርሱ መድኃኒት እቆጥራለሁ። ስድስት ወር ነው።

ሳንባ ነቀርሳ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ «የመንገድ ብርድ ነው» እያለ ሲስል ከርሞ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሻንጣና አንድ ትራስ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። ሚስት የለው፣ ቤት የለው። ታናሼ ነው። የት ይሂድ?

የኋላውን ክፍል ሰጠሁት። መስኮቱ ወደ ጓሮ ይከፈታል። ደንብ አወጣሁና በሩ ላይ ለጠፍኩ። መስኮቱ ቀን ሙሉ ክፍት ይሆናል። አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ከክፍሉ አይወጣም። ሳህኑ፣ ኩባያው፣ ፎጣው ለብቻ ነው። መድኃኒቱን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔ ፊት ይውጣል።

አንብቦ ሲጨርስ፣ «እታለም፣ ደወሉስ? ለእረፍት የሚደወለው የታለ?» አለኝ።

ጤና ጣቢያ ቅጹን የሞላችው ነርስ ወጣት ናት፤ ፈጣን፣ ፊት የማትሰጥ። «ቲቸር፣ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» አለችኝ።

«ሁለት። እሱና እኔ።»

«ከአምስት ዓመት በታች ልጅ?»

«እዚያ ቤት የሚኖር ልጅ የለም።»

እውነት ነው። የልጄ ልጅ የምትኖረው እናቷ ቤት ነው። እኔ ጋ የምትውለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ማታ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ለተጠየቅኩት ጥያቄ መልስ ሰጠሁ።

ሰኞ፤ 5ኛ ቀን

ልጄ ድንቡሼን አምጥታ ሄደች። ዘጠኝ ወሯ ነው። ስሟን ሁላችንም ትተነዋል፤ ጉንጯን ያየ ሁሉ ድንቡሼ ነው የሚላት። እናቷ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ ካለቀ ሦስት ወር ሆነ። እዚያ ሦስት ቀን የቀረ ሰው በአራተኛው ቀን ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያገኛል። ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይላል።

በሩ ላይ ቆማ ወደ ኋላው ክፍል አየች። «እማዬ፣ ነርሷ ድንቡሼ እዚህ እንደምትውል ታውቃለች አይደል?»

«የሚያስፈልገውን ሁሉ ነግሬያታለሁ» አልኳት።

ድንቡሼ የምትውለው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ነው። በመካከል ወጥ ቤቱ አለ፤ በመካከል ሁለት በር አለ። ወደ ወንድሜ ስገባ እሸፈናለሁ፣ ስወጣ እታጠባለሁ። በሥርዓት የሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት በቦታዬ የገባው መምህር መጣ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት አጋዥ መጽሐፍ እንደገና ሊታተም ነው፤ ስለ በሽታ መከላከል የሚናገረውን ምዕራፍ እንዳርም ስድስት ሳምንት ሰጥተውኛል። አንድ ቦታ ላይ በእርሳስ አስምሮበታል። የእኔ ጽሑፍ ነው፦ «ፀረ እንግዳ አካላት (አንቲቦዲ) በደም ውስጥ ይዘዋወራሉ እንጂ ወደ ሕዋስ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ሕዋስ ውስጥ በተደበቀ ባክቴሪያ ላይ ሥራ የላቸውም።»

«ቲቸር፣ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ አርጅታለች» አለኝ።

«እኔም አርጅቻለሁ» አልኩት። ስቆ፣ ከአዳዲስ ጥናቶች ወደ አማርኛ ያሳጠራቸውን ሰባት ገጽ ትቶልኝ ሄደ። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለ እጁን ሳያወጣ የሚናገር ልጅ ነበር።

ማክሰኞ፤ 6ኛ ቀን

ዝናብ። ወንድሜ መስኮቱ ይዘጋልኝ ብሎ ለመነ። አልፈቀድኩም፤ ብርድ ልብስ ጨመርኩለት። ድንቡሼ ሁለት ጊዜ ተኛች፤ አርባ ደቂቃ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ከበር አልወጣሁም።

እሑድ፤ 11ኛ ቀን

የድሮ ደብተሮቼን ካርቶን ስፈታ አቧራው ጉሮሮዬ ውስጥ ገባና ሳል ያዘኝ። የጠመኔ ልጅ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት የተነፈስኩት እሱን ነው።

ወንድሜ ከበሩ ጀርባ፣ «እታለም፣ ያ ምንድን ነው?» አለ።

«ጠመኔ ነው።»

«ጠመኔውስ አብሮሽ ጡረታ አልወጣም እንዴ?»

ሐሙስ፤ 15ኛ ቀን

ጤና ጣቢያ። ወንድሜ ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ነርሷ ካርዱን አየች፣ የእኔንም ደብተር አገላብጣ የሰዓቱን ዝርዝር አየች። ከጀርባችን ተራ የሚጠብቁትን ዞር ብላ፣ «እንደዚህ ነው የሚያዘው! ከቲቸር ተማሩ» አለቻቸው። ደስ አለኝ፤ መደበቅ አልችልም።

«ቤት ውስጥ የሚያስል አዲስ ሰው የለም አይደል?» አለች፣ እየጻፈች።

አዲስ ሰው የለም አልኳት።

ሰኞ፤ 19ኛ ቀን

ዛሬ ከድንቡሼ ጋር በመስኮት ቆመን ማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ ስናይ ዋልን። መንገዱ ጎርፍ ነው። ልጅቷን አዝዬ መቶ ሜትር መሄድ አልችልም፤ ትቻት መውጣት አልችልም፤ ወንድሜን ምሳ ሳልሰጥ መዋል አልችልም። ከአልጋው እስከ ምድጃው አሥራ አራት እርምጃ ነው። ከምድጃው እስከ እሱ በር ስድስት። ቀኑን ሙሉ ያንን ስመላለስ፣ ማታ እግሬን ሲያመኝ የት ሄጄ ነው የደከመኝ እላለሁ።

የቀሚሴን ቀበቶ አንድ ቀዳዳ አጠበብኩ። ቀበቶው ያረጀ ቆዳ ነው፤ ይለጠጣል።

ሐሙስ፤ 22ኛ ቀን

ተተኪዬ መጣ። ድንቡሼን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተከራከረኝ። እንዳይጠፋብኝ የተባባልነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ቲቸር፣ ባክቴሪያው ሁልጊዜ ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ አይኖርም እኮ። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ መንገድ ላይ ይገኛል። ያኔ ፀረ እንግዳ አካሉ ይለጠፍበታል።»

«ይለጠፍበት። ያው ዋጩ ሕዋስ ይውጠዋል፤ እሱም እንደ ልማዱ ሆዱ ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ይዋጣል እንጂ አይፈጭም። ይህን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

«ልዩነቱ እንዴት እንደተዋጠ ነው። ተለጥፎበት የተዋጠው ወደ ሕዋሱ የአሲድ ከረጢት የሚገፋበት ጊዜ አለ፤ እዚያ ይፈጫል። ምንም ሳይለጠፍበት የሾለከው ነው ተደብቆ የሚኖረው።»

«በሰው ነው የታየው በአይጥ?»

«አብዛኛው በአይጥና በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ባለ ሕዋስ።»

«አብዛኛው ማለት ስንት ነው?»

«ቲቸር፣ አሁንም ነጥብ ሊቀንሱብኝ ነው?» ድንቡሼ መነጽሩን ነጠቀችው። «ኮምፕሊመንት ስለሚባሉት ፕሮቲኖች ደግሞ፣ ፀረ እንግዳ አካላትን ስለሚያግዙት፣ መጨረሻው ገጽ ላይ አለ። እሱ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ረጋ ብለው ያንብቡት።»

ሲወጣ፣ «ጉንፋኑ አልለቀቀዎትም እንዴ?» አለኝ። አቧራ ነው አልኩት።

ቅዳሜ፤ 24ኛ ቀን

ልጄ በስድስት ሰዓት ድንቡሼን ወሰደች። ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ያለች ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ገባሁ። መስኮቱ ላይ «የቲቢ የደም ምርመራ፣ ውጤት በሃያ ደቂቃ» ይላል። የገባሁት ለመጽሐፉ ነው፤ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ ለማየት።

ሰውዬው ጣቴን ወግቶ ጠበቀ። ሻይ ጠጣ። ከዚያ፣ «ፖዘቲቭ ነው፣ እናቴ» አለኝ።

«ፖዘቲቭ ማለት ምን ማለት ነው?» አውቃለሁ፤ ግን ጠየቅኩ።

«ፀረ እንግዳ አካል ደምዎ ውስጥ አለ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ሰውነቴ ተዋግቷል።»

«ወይ ተዋግቷል፣ ወይ እየተዋጋ ነው፣ ወይም ሌላ ነገር ነው። ይሄ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጤና ጣቢያ አክታ ይስጡ።»

«ብዙ የማይናገር ከሆነ ለምን መስኮት ላይ ለጠፋችሁት?»

«እኔ ቅጥረኛ ነኝ፣ እናቴ» አለኝ።

እሑድ፤ 25ኛ ቀን

ቀኑን ሙሉ ነፃ ስለሆንኩ በደንብ አሰብኩበት።

ሠላሳ አራት ዓመት፣ በክፍል ስልሳ ተማሪ፣ በክረምት ግማሹ ያስላል። ይህን ባክቴሪያ ያኔ አግኝቼው ይሆናል፤ ሰውነቴ ያኔ ለይቶት፣ ፀረ እንግዳ አካሉን ሠርቶለት ይሆናል። ዛሬ ከወንድሜ አንድ ሁለት ባክቴሪያ ብተነፍስ፣ ገና መንገድ ላይ እያለ ይለጠፍበታል፤ ተለጥፎበት የተዋጠ ደግሞ ይፈጫል። ተተኪዬ ያለውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ የደሜ ውጤት መጥፎ ዜና አይደለም። የዘበኞች ስም ዝርዝር ነው።

ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰረዝኩ። በምትኩ «ፀረ እንግዳ አካላት ሕዋስ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ይከላከላሉ» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው እጄ አልተጠራጠረም።

አንድ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈልገውን መልስ ይዞ ከዚያ ወደ ጥያቄው ቢሄድ፣ ዳር ላይ «ወደ ኋላ ነው የሄድከው» ብዬ እጽፍለት ነበር። እኔ ግን ማስረጃ አለኝ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለነርሷ ማሳየት አያስፈልግም፤ ሥራ ይበዛባታል።

ዓርብ፤ 30ኛ ቀን

አንሶላዬን አጠብኩ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዬ ነው። አየሩ ወበቅ ነው።

(ወንድሜ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጠየቀ።)

ሰኞ፤ 33ኛ ቀን

ከመስኮቱ ሥር ልብስ ሰፊው ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁ፤ «የመምህሯ መስኮት በዶፍ ዝናብ እንኳ አይዘጋም። ያ ቤት አንድ ነገር አለው።» ደንበኛው፣ «ሕፃን ልጅ ይገባበት የለም እንዴ?» አለው። መልሱን አልሰማሁም፤ መኪና አለፈ።

ማታ ልጄ ድንቡሼን ልትወስድ መጥታ አተኩራ አየችኝ። «እማዬ፣ ቀጥነሻል።»

«ቀሚሱ ነው።»

«ቀሚሱ የድሮው ነው።» ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች። «ከከበደሽ ንገሪኝ። አማቴ አምጪልኝ ብለውኛል። ግን ሩቅ ነው፤ ከሰጠኋት በዓመት ሁለቴ ነው የማያት። ገና ጡት አልጣለችም። ወይ ደግሞ ሥራውን ልተወው።»

«ማን ከበደኝ አለሽ?»

«አንቺማ መቼ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ከሄደች በኋላ ብዙ አሰላሰልኩ። እኔ ብታመም ድንቡሼ ወደ አያቷ ትሄዳለች፣ ወይ ልጄ ወንበሯን ታጣለች። ወንድሜንም መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያስውጠው ሰው አይኖርም። ሦስት ሰው በእኔ ላይ ነው የተንጠለጠለው። መታመም የማልችለው ለዚህ ነው። ምክንያቱ በቂ መሆኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ዓርብ፤ 37ኛ ቀን

ዝናብ ቀኑን ሙሉ። ድንቡሼ ተኝታ መጨረሻውን ገጽ አነበብኩ።

ኮምፕሊመንት የሚባሉት ፕሮቲኖች ደም ውስጥ ተበትነው የሚጠብቁ ናቸው። እንግዳ ነገር ሲያገኙ ይለጠፉበታል፤ «ይሄ ይዋጥ» የሚል ምልክት ነው። እስከዚህ የማውቀው ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ከዚህ ምልክት አይሸሽም ይላል። ይፈልገዋል። በዚያ ምልክት በኩል የሚዋጥበት በር ሕዋሱን የማያስደነግጥ በር ነው፤ የማንቂያ ደወል የለውም። ገብቶ ይቀመጣል። እንዲጠፋ የተለጠፈበት ወረቀት የመግቢያ ፈቃድ ይሆንለታል። ሕዋሱም ጠላቱን የዋጠ መስሎት በሰውነት ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ቀጥሎ ያለው መስመር አጭር ነው፦ «የፀረ እንግዳ አካል መኖር ብቻውን የመከላከል ምልክት አይደለም፤ በብዙ ጥናቶች ከፍተኛው መጠን የተገኘው ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ላይ ነው።»

ድንቡሼ ነቃች። ወረቀቱን አጠፍኩት።

ሰኞ፤ 40ኛ ቀን

ድንቡሼ ትኩሳት አላት፤ 38.1። ድዷ አብጧል። ጥርስ ነው። ምራቋ ይዝረበረባል፤ ምልክቱ ሁሉ የጥርስ ነው። ልጄም በስልክ፣ «ጥርስ ነው አይደል እማዬ?» አለች። ጥርስ ነው አልኳት።

ማክሰኞ፤ 41ኛ ቀን

ጠዋት መድኃኒቱን ይዤ ስገባ ወንድሜ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ጉንጩ ሞልቷል። የጠቆረው ፊቱ ወደ ቀድሞው መልኩ ተመልሷል።

«እታለም፣ ትናንት ስንት ጊዜ እንደሳልሽ ልንገርሽ?»

«ዋጥ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«ሠላሳ አንድ። እኔ አራት። እኔ ፍሬን ይዣለሁ፣ አንቺ ማርሽ ጨምረሻል።» ኪኒኑን ዋጠ፣ ውኃውን ጨርሶ አፉን ከፍቶ አሳየኝ፤ እኔው ነኝ እንደዚያ እንዲያደርግ ያስለመድኩት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሰምቼ አንቺን የሚመለከት አይመስለኝም ነበር።»

«ጠመኔ ነው አልኩህ።»

«የጠመኔ ሳል አንሶላ አያስጥብም። ጓሮ የምታሰጪው እኔ መስኮት ሥር ነው እኮ።»

ባዶውን ኩባያ ተቀበልኩት።

«እኔን ካስጠጋሽኝ ይበቃኛል። ዕድሜ ልኬን ውለታ አለብኝ። ግን ለእኔ ብለሽ ያቺን ልጅ...» አልጨረሰውም። ተነሥቶ መሸፈኛውን ፊቱ ላይ አሰረ። «ካልሄድሽ እኔ እሄዳለሁ። ነርሷን እነግራታለሁ።»

«ከክፍልህ አትወጣም! ደንቡ በሩ ላይ ነው።»

«ደንቡን የለጠፍሽው በውጭ በኩል ነው፣ እታለም። እኔ ከገባሁ ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ቀን ቀን የምታነቢው አንቺ ነሽ።»

ረቡዕ፤ 42ኛ ቀን

ዛሬ አልሄድኩም። ምክንያት፦ ዝናብ። (ዝናብ ምክንያት አይደለም።)

ትኩሳት 38.6።

ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ ደረቴ ላይ ተኝታ ሳለ በሌላው እጄ ቀይ እስክርቢቶ ይዤ ይህን ደብተር ማረም ጀመርኩ። 11ኛ ቀን፣ አቧራ፦ ስሕተት። 15ኛ ቀን፣ «አዲስ ሰው የለም»፦ ማምለጫ። 19ኛ፣ ቀበቶ፦ ስሕተት። 24ኛ፣ «ለመጽሐፉ»፦ ውሸት። 30ኛ፣ ወበቅ፦ ወንድሜ በርዶት ብርድ ልብስ እየጠየቀ በምን ወበቅ? ሁሉንም ምልክት በቀኑ መዝግቤዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ። ለተማሪዎቼ በቃል ያስጠናኋቸው ሦስቱ። አንድም አልጎደለም። የጎደለው መደምደሚያው ብቻ ነው።

ወደ 1ኛ ቀን ተመልሼ ስደርስ እስክርቢቶውን አስቀመጥኩ። እዚያ የሚታረም ነገር አላገኘሁም። ሁለት ሰው ይኖራል። ልጅ አይኖርም። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው።

ሐሙስ፤ 43ኛ ቀን

ድንቡሼን አዝዬ፣ ፊቴን ሸፍኜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ተራ ሳልጠብቅ ገባሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ነርሷ ልጅቷን አየች፤ እኔን አየች። «ይህች ማን ናት?»

«የልጄ ልጅ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት እኔ ጋ ትውላለች። እሑድ አትመጣም፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን። እኔ ከ11ኛው ቀን ጀምሮ አስላለሁ።»

እስክርቢቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ የመጀመሪያ ቀን ብነግርዎ ኖሮ ይህች ልጅ በዚያው ሳምንት የመከላከያ መድኃኒት ትጀምር ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ብነግርዎ አልኩ? ቢነግሩኝ።» ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «የማንኛውንም በሽተኛ ቤት ሄጄ አያለሁ። ልብስ ሰቅለው እንደሆነ፣ ጫማ እንደሆነ፣ የሕፃን ጫማ እንደሆነ ቆጥሬ ነው የምመለሰው። የእርስዎን ቤት ግን አልሄድኩም። ለምን መሰለዎት? እርስዎ ስለሆኑ ነው።»

አክታ መያዣ ዕቃ ሰጠችኝ። ድንቡሼን ከጀርባዬ ላይ እሷው ፈታች።

ዓርብ፤ 44ኛ ቀን

ፖዘቲቭ። ይሄኛው ብዙ የሚናገረው ነው።

ልጄ ከፋብሪካ ወጥታ መጣች። ውጭ፣ ደጃፉ ላይ አቆምኳት፤ ርቄ ቆምኩ፤ ነገርኳት። ቅጹ ሲሞላ ልጅ የለም ማለቴንም ነገርኳት።

ለረጅም ጊዜ ጎርፉን አየች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ11ኛው ቀን።»

«ቆጥረሻል?»

«ጽፌዋለሁ።»

«ጽፈሽዋል» አለች። አልጮኸችም። ልጇን ታቅፋ፣ ዣንጥላዋን ሳትዘረጋ ሄደች።

ሰኞ፤ 47ኛ ቀን (የእኔ 3ኛ ቀን)

የድንቡሼ የደረት ራጅ ፊልም ንጹሕ ነው። ልጄ ለወንድሜ ደውላ ነው የነገረችው፤ እሱ በበሩ በኩል አቀበለኝ። ሐኪሙ፣ «ንጹሕ ነው፤ ግን ንጹሕ ማለት ገና አይታይም ማለትም ሊሆን ይችላል» ብሏል። በውኃ የሚሟሟ የመከላከያ መድኃኒት በየቀኑ፣ ለስድስት ወር። ትኩሳቱ በርዷል። ጥርስ ወጥቷል፤ ከታች አንድ።

ለልጄ ያለ ደመወዝ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ሰጥተዋታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አላወቀም።

አሁን መድኃኒቴን የሚያስውጠኝ ወንድሜ ነው። አንድ ሰዓት ላይ በሩን ይመታል። «ክፈቺ አፍሽን፣ ዳይሬክተር» ይለኛል። አልስቅም፤ እሱም ለመሳቅ ብሎ አይደለም።

ምዕራፉን ለተተኪዬ መለስኩ። የቀድሞዋን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩ፣ በ25ኛው ቀን የጻፍኳትንም ሰረዝኩ። በምትካቸው የገባው ረዥም ነው፤ ተማሪ አይወደውም። ፀረ እንግዳ አካልና ኮምፕሊመንት ሕዋስ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላይ አንዳንዴ እንደሚረዱ፣ አንዳንዴ በር እንደሚከፍቱ፣ መኖራቸው ብቻ ግን ማንንም ነፃ እንደማያወጣ ጻፍኩ።

ሐሙስ፤ 50ኛ ቀን (የእኔ 6ኛ ቀን)

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልጄ ደወለች። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰላምታ አልነበረውም።

«መድኃኒቱን አትውጥም» አለች። «ጉንጯ ውስጥ ትይዘውና ቆይታ ትተፋዋለች። ሦስት ቀን ሆነ። ነርሷ ያለችኝን ሁሉ ሞከርኩ። አንቺ ጋ ምግብ እንደዚህ ስትይዝ ምን ታደርጊያት ነበር?»

«ጀርባዋን ክንድሽ ላይ ደገፍ አድርጊያት። ትንሽ ቀና ትበል።»

«እሺ።»

«ማንኪያውን ወደ ጉንጯ ጥግ። መሐል ምላሷ ላይ አታድርጊው።»

«አደረግኩ። ይኸው ይዛዋለች። ከዚያስ?»

የዝናቡ ድምፅ በእሷም በኩል፣ በእኔም በኩል ይሰማል።

«እማዬ፣ ከዚያስ? ልትተፋው ነው።»

«ፊቷ ላይ እፍ በይባት። ከቅርብ፣ ቀስ ብለሽ። ደንገጥ ትልና ትውጠዋለች።»

ከዚያ ልጄ በቀስታ ጠየቀችኝ፤ «በቀን ስንት ጊዜ እፍ ትዪባት ነበር?»

«ሦስት ጊዜ» አልኳት። «በየምግቡ።»

የዘጋችው መሰለኝ። አልዘጋችም ነበር። ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማሁ፤ ከዚያ እፍ ስትል ሰማሁ።

«ዋጠች» አለችኝ። ከዚያ ዘጋችው።